ሲያናይድ ስለሚባለው መርዛም ጨውና በላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በዚህ ወርኃዊ ጽሑፍ ስለ ምንጭ ውሃ አጠባበቅ፣ ስለ ዝንብና ስለ ሰገራ ቤት ንጽሕና አዘውትረን ስንጽፍ ቆይተናል። ለዛሬ የመረጥነው ነገር ግን እንደ እነዚያ በየቤቱ የሚገኝ አይደለም። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የዕቃ ግምጃ ቤት፣ ዕቃን ወርቅና ብር በሚቀቡ ሠራተኞች ዘንድና በማዕድን ሥራ ላይ የሚገኝ ነው። ይሁን እንጂ መልኩ ከገበታ ጨው ወይም ከስኳር የማይለይ በመሆኑ፣ የማያውቀው ሰው ያለ ፍርሃት ይነካዋል፤ የሚያውቀውም በመልመድ ብዛት ይዘነጋዋል። ስሙ ሲያናይድ ይባላል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ አንዲት ከተማ ያጋጠመኝ ነገር ነው። የትምህርት ቤቱን የውሃ ጉድጓድና መጸዳጃ ቤት ለመመርመር ሄጄ ሥራዬን ከፈጸምሁ በኋላ፣ የሕይወት ሳይንስ መምህሩ በብዙ ድካም ያከማቹትን የቢራቢሮና የጥንዚዛ ስብስብ ሊያሳዩኝ ወደ ላቦራቶሪው ዕቃ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ስብስቡ በእውነት የሚያስመሰግን ነበር። ዓይኔን የሳበው ግን ከመስኮቱ በታች ባለው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አፈ ሰፊ የብርጭቆ ብልቃጥ ነው። ከታቹ ሁለት ጣት ያህል ጀሶ ፈስሶበት ደርቋል፤ አፉ በቡሽ ተወትፏል፤ የተለጠፈበት ወረቀት በእርጅና ጠይሞ አንድም የሚነበብ ፊደል አልቀረበትም። ከአጠገቡ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠርሙስ ቆሟል። መምህሩ አትኩሬ መመልከቴን አይተው፣ «ይህ ከእኔ በፊት ከነበሩት መምህር የቀረ ነው። ጀሶው በውሃ አልለቅ ስላለኝ ነገ በአሲድ አጥቤ የአበባ ዘር ላስቀምጥበት አስቤ ነበር» አሉኝ።

እኔም እጃቸውን ይዤ ከዚያ ከታፈነ ክፍል አወጣኋቸው፤ በሩንም ቆለፍን። ስለ ምን እንዲህ እንዳደረግሁ ከደጅ ቆመን የነገርኋቸውን፣ ጥቂት አስፋፍቼ ለአንባቢያን አቀርባለሁ።

እንዲህ ያለው ብልቃጥ የነፍሳት መግደያ ይባላል። ነፍሳትን የሚሰበስቡ ሊቃውንትና የትምህርት ቤት መምህራን ለረጅም ዘመን ሲሠሩበት ኖረዋል። ከጀሶው ሥር ፖታሲየም ሲያናይድ የሚባለው ጨው ተቀብሯል፤ የአየሩ እርጥበት በጀሶው ውስጥ እየሰረገ ወደ ጨው በደረሰ ቁጥር ጥቂት ጥቂት መርዛም ጋዝ ይወጣል፤ ቢራቢሮዋም ክንፏ ሳይሰበር ትሞታለች። እንዲህ ያለው ብልቃጥ ኃይሉን ለዓመታት ይዞ ይቆያል። ዛሬ ሰብሳቢዎች በአብዛኛው ኤቲል አሴቴት በሚባለው ፈሳሽ ይጠቀማሉ፤ ወይም ነፍሳቱን በማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድራሉ። አሮጌዎቹ ብልቃጦች ግን የሠራቸው መምህር ጡረታ ከወጣ በኋላም በመደርደሪያ ላይ ይቀራሉ።

ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በ1700ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በበርሊን ከተማ የፕሩሲያ ሰማያዊ የተባለ ደማቅ ቀለም ተገኘ። በ1782 ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለው የስዊድን መድኃኒት ቀማሚ ከዚህ ቀለም አንድ ተናኝ አሲድ አወጣ፤ የሠራውንም ሲጽፍ ስለ ሽታው ብቻ ሳይሆን ስለ ጣዕሙ ጭምር ጻፈ። በዚያ ዘመን ኬሚስቶች ያገኙትን ሁሉ የመቅመስ ልማድ ነበራቸውና፣ ሼሌ ከዚህኛው ቅምሻ መትረፉ ያስደንቃል። ከዚያም በ1815 ፈረንሳዊው ጌይ ሉሳክ የዚህ ነገር መሠረት አንድ ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን ተጣምረው የሚሠሩት መሆኑን አስረዳ፤ ስሙንም ጥቁር ሰማያዊ ከሚለው የግሪክ ቃል አወጣለት። ካርቦን በከሰላችን፣ ናይትሮጅንም በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያሉ፣ ለየራሳቸው ጉዳት የሌላቸው ነገሮች ናቸው። ሁለቱ በዚህ አኳኋን ሲጣመሩ ግን ሰው ከሚያውቃቸው ፈጣን መርዞች አንዱ ይሆናሉ።

ይህ ጥምር ከሶዲየም ወይም ከፖታሲየም ጋር ሲታሰር ነጭ ጨው ይሆናል፤ ሶዲየም ሲያናይድና ፖታሲየም ሲያናይድ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። በውሃ ፈጥነው ይሟሟሉ። ጨው ሆነው በደረቅ ስፍራ፣ በሚገባ ተከድነው እስካሉ ድረስ ከቦታቸው አይነሡም። አሲድ ባገኛቸው ጊዜ ግን ማሰሪያው ይፈታል፤ ሃይድሮጅን ሲያናይድ የሚባለው ጋዝም ይወጣል። ይህ ጋዝ በውሃ ውስጥ ሲገባ እጅግ ደካማ አሲድ ስለሆነ፣ ከእርሱ የሚበረታ ማናቸውም አሲድ ከቦታው ያስለቅቀዋል። ለዚህም የግድ የላቦራቶሪ አሲድ አያስፈልግም፤ ኮምጣጤና የሎሚ ጭማቂም ይበቃሉ። ከዚህም አልፎ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከእርጥበት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጥረው ለስላሳ አሲድ ሥራውን በዝግታ ይሠራል። ክዳኑ ላልቶ የተቀመጠ የሲያናይድ ጠርሙስ ማንም ሳይነካው ራሱ ጋዝ የሚያወጣው ስለዚህ ነው።

ሃይድሮጅን ሲያናይድ በባሕር ወለል ከፍታ በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ይህን ቁጥር በአገራችን ሁኔታ ማስላት ይገባል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ስፍራ በክፍል ውስጥ ጋዝ ሆኖ ነው የሚኖረው። ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ቅዝቃዜው ያድነናል ብለን እንዳንጽናና ደግሞ፣ ውሃ በአዲስ አበባ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ሁሉ ይህም በከፍታ ላይ ከ26 ዲግሪ በታች ይፈላል። ሳይፈላም ቢሆን በብዛት ይተንናል።

ብዙ መጻሕፍት ይህ ጋዝ የመራራ ለውዝ ሽታ አለው ይላሉ። ይህ ለውዝ እኛ ቆልተን የምንበላው ኦቾሎኒ አይደለም፤ በውጭ አገር በዛፍ ላይ የሚያፈራው ነው። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የኮክ ፍሬ ነው፤ ጠንካራው ፍሬ ተሰብሮ ውስጡ ያለው ለስላሳ አስኳል ሲደቀቅ የሚሰጠው ሽታ ይመስለዋል፤ በእርግጥም ያ አስኳል ሲያናይድ የሚወጣበትን ነገር ይዟል። ነገር ግን በአፍንጫ መተማመን ትልቅ ስሕተት ነው። ከሰዎች መካከል ብዙዎች ይህን ሽታ በተፈጥሯቸው ማሽተት አይችሉም፤ ከአባትና ከእናት የሚወረስ ጉዳይ ነው። ማሽተት የሚችለውም ሰው ጥቂት ከቆየ አፍንጫው ይላመደዋል። ሽታ ከሌለ አደጋ የለም ብሎ የሚያስተምር መምህር ካለ፣ ትምህርቱን እንዲያርም እለምነዋለሁ።

አሁን በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን እንመልከት። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን በደም ተጭኖ ወደ እያንዳንዱ ሕዋስ ይደርሳል፤ በሕዋሱም ውስጥ ምግብን ወደ ኃይል በሚለውጠው ሥራ መጨረሻ ላይ፣ ብረት ያለበት አንድ ኤንዛይም ተቀብሎ ይሠራበታል። ሲያናይድ በዚህ ብረት ላይ ተጣብቆ ቦታውን ይይዝበታል። ስለዚህ ሰውየው አየር እየሳበ፣ ደሙም በኦክሲጅን ተሞልቶ ሳለ፣ ሕዋሳቱ ይታፈናሉ። በሞላ ማድጋ አጠገብ ተቀምጦ አፉ ተሰፍቶ በጥም እንደሚሞት ሰው ነው። ኦክሲጅኑ ሳይሠራበት ስለሚመለስ የደም መልሱ ደም እንደ ደም ቅዳው ይቀላል። አስቀድመው የሚጎዱት ኦክሲጅን አጥተው ለጥቂት ጊዜ እንኳ መቆየት የማይችሉት አንጎልና ልብ ናቸው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ትንፋሽ መፋጠን፣ መደናገር ይታያል፤ መጠኑ ሲበዛ ሰውየው በድንገት ይወድቃል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ትንፋሹም ይቆማል። ጋዙን አብዝቶ የሳበ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ጨዉም ቢዋጥ በሁለት ጣት ጫፍ የሚነሣው ያህል ለሞት ይበቃል።

ሰውነታችን ጥቂቱን መርዝ በድኝ አማካይነት ወደማይጎዳ ነገር ለውጦ በሽንት ያስወግዳል። ካሳቫ የሚበሉ ሕዝቦች በዚህ ጸጋ ይጠበቃሉ፤ መራራው ካሳቫ በሚገባ ሳይዘፈዘፍና ሳይደርቅ በድርቅ ጊዜ ሲበላ ግን፣ በኮንጎና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች እንደታየው፣ እግርን የሚያሽመደምድ ኮንዞ የተባለ በሽታ ይመጣል። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚጠይቅ ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።

መምህራን አንድ ነገር እንዲለዩ ያስፈልጋል፤ የሲያናይድ ስም የያዘ ሁሉ በአንድ ዐይን አይታይም። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚገኘው ቢጫው ፖታሲየም ፌሮሲያናይድ በውስጡ ያለው ሲያናይድ ከብረት ጋር ጠብቆ የታሰረ ስለሆነ መርዝነቱ አነስተኛ ነው። የፕሩሲያ ሰማያዊ ቀለም ራሱ በካፕሱል ተዘጋጅቶ በሴሲየምና በታሊየም ለተመረዙ ሰዎች መድኃኒት ሆኖ ይሰጣል፤ በ1987 በብራዚል በጎያንያ ከተማ ሴሲየም ከተጣለ የሕክምና መሣሪያ ወጥቶ ሕዝብ በጨረር በተጎዳ ጊዜ ተሠርቶበታል። ቢሆንም ፌሮሲያናይድን ከብርቱ አሲድ ጋር ማሞቅ ማሰሪያውን ይፈታዋልና ክልክል ነው። በጠርሙሱ ላይ «ሲያናይድ» ከሚለው ቃል በፊት ያለውን ቃል ሳያነቡ መፍራትም መድፈርም አይገባም።

ስለ ጽሑፍ ካነሣን ዘንድ፣ በ1983 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ከቺካጎ አጠገብ ባለች ኤልክ ግሮቭ በምትባል መንደር የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያ የነበረ አንድ ፋብሪካ ከአሮጌ የራጅ ፊልም ላይ ብር ያወጣ ነበር፤ ፊልሙ የሚነከረው በሶዲየም ሲያናይድ ገንዳ ነው። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከፖላንድና ከሜክሲኮ የመጡ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ ሰዎች ነበሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የዕለት ኑሯቸው ነበር፤ ከምን ጋር እንደሚሠሩ ግን የነገራቸው አልነበረም። ከፖላንድ የመጣ አንድ ሠራተኛ በዚያ ጋዝ ታፍኖ ሞተ። በ1985 ፍርድ ቤቱ ሦስት የፋብሪካውን ኃላፊዎች በነፍስ ግድያ ፈረደባቸው። ፍርዱ በ1990 በይግባኝ ቢሻርም፣ አሠሪ በሠራተኛው ሞት በነፍሰ ገዳይነት ሲፈረድበት ማየት ለዚያ አገር እንግዳ ነገር ስለነበረ ብዙ ተነግሮለታል። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ሰሌዳና ደኅና የአየር ማውጫ ምን ያህል ሊያድኑ ይችሉ እንደነበር ነው። ስለዚህ በመርዝ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ዕቃ ቤቱን የሚጠርገው ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም የራስ ቅል ሥዕል ይጨመርበት።

በውጭ አገር ስማር የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበሩት ሽማግሌ፣ የሲያናይዱን ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት «ከማን ጋር ነህ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ብቻውን የመጣ ተማሪ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ቁልፉን አያገኝም። በዚያን ጊዜ ነገሩ የሽማግሌ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን ተረዳሁት፤ በዚህ መርዝ የተመታ ሰው ራሱን ለመርዳት ጊዜ የለውም፤ በአጠገቡ ሆኖ የሚጮኽለትና የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ከሌለው መድኃኒቱ በሚቀጥለው ክፍል ቢኖርም አይደርስለትም።

እንግዲህ ሥራው የግድ በሆነበት ላቦራቶሪ እንዲህ ይደረጋል። ጨዉ የሚመዘነውና የሚሟሟው ክፉውን አየር ወደ ውጭ በሚስብ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ መስኮት መክፈት ይህን አይተካም። የሚሟሟበት ውሃ አስቀድሞ ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ይገባበታል፤ ፈሳሹ አልካሊ ሆኖ፣ በፒኤች መለኪያ ከ11 በላይ እስከቆየ ድረስ ጋዙ ከውሃው አይለቅምና። ያልተበሳ ጓንትና የዓይን መከለያ መነጽር ይደረጋል፤ በእጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው አይሠራም፤ የሲያናይድ ውሃ በቆዳም ይገባልና። ፈሳሽ በአፍ ስቦ መለካት፣ በአንዳንድ ስፍራ ዛሬም የማየው ክፉ ልማድ፣ በማናቸውም ኬሚካል የተከለከለ ሲሆን በዚህ ግን ራስን መግደል ነው። በሥራው ጠረጴዛ ላይ የአሲድ ጠርሙስ አይገኝ።

የሚቀመጥበት ስፍራ ደረቅና የተቆለፈ ይሁን፤ ከአሲድ ጋር በአንድ ቁም ሣጥን፣ በተለያየ መደርደሪያ ላይ እንኳ ቢሆን፣ አይቀመጥ። ላይኛው ጠርሙስ ሲሰበር ወደ ታችኛው ይፈስሳልና። እንደ ናይትሬትና ክሎሬት ካሉትም ይራቅ፤ ከእነርሱ ጋር ሲደባለቅና ሲሞቅ ይፈነዳል። የገባውና የወጣው ግራም በመዝገብ ይጻፍ። ደረቁ ጨው ቢፈስ በደረቁ በጥንቃቄ ይሰብሰብ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አይወልወል። በአጠገቡ እሳት ቢነሣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚረጨው ማጥፊያ አይነሣ፤ ምክንያቱን ከላይ ስለ አየርና እርጥበት ያልሁትን ያስታወሰ አንባቢ ራሱ ያገኘዋል። የተረፈው ፈሳሽ በቧንቧ አይደፋ፤ ሌላው ተማሪ ከደቂቃ በኋላ አሲዱን በዚያው ቧንቧ ሲደፋ ሁለቱ ከወለሉ ሥር ይገናኛሉ። ስም በተጻፈበት በተለየ ዕቃ ተጠራቅሞ ለሚያውቁት ይሰጥ። በረኪና ሲያናይድን እንደሚያጠፋ የሰማ ሰው በራሱ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ፤ ፈሳሹ በሚገባ አልካሊ ካልሆነ ሲያኖጅን ክሎራይድ የተባለ ሌላ መርዛም ጋዝ ይወጣልና።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ የራሴን አሳብ ብናገር፣ ሲያናይድ ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስፈልግበት አንድም ምክንያት አይታየኝም። በእርሱ የሚሠራውን ትምህርት ሁሉ በሰሌዳ ማስረዳት ይቻላል።

በወርቅ ሥራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1887 በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ ማክአርተርና ሁለቱ የፎረስት ወንድማማቾች ቀጭን የሲያናይድ ውሃ ከተፈጨ ዐለት ውስጥ ወርቁን አሟሙቶ እንደሚያወጣ ካሳዩ ወዲህ፣ የዓለም ትልልቅ የወርቅ ማዕድኖች በዚህ መንገድ ሠርተዋል፤ በአገራችንም በጉጂ ምድር በለገደንቢ ወርቅ በዚሁ ዘዴ ሲወጣ ኖሯል። በሚገባ ካልተጠበቀ ጥፋቱ ከላቦራቶሪ ግድግዳ ያልፋል። በጥር ወር 2000 በሮማንያ በባያ ማሬ የማዕድን ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ግድብ ፈርሶ መቶ ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ሲያናይድ ያለበት ውሃ ወደ ወንዝ ገባ፤ መርዙም በቲሳ አልፎ እስከ ዳንዩብ ወርዶ በመንገዱ ያገኘውን ዓሣ ፈጀ። በከተማ ያሉት የወርቅና የብር ቅብ ሠራተኞች በጓዳቸው የሚይዙት ገንዳ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ዕቃውን አስቀድመው በአሲድ አጽድተው፣ በሚገባ ሳያለቀልቁ ወደ ሲያናይዱ ገንዳ የሚያገቡ ከሆነ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ልጆችም በሚተኙበት ቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ይወቁ።

አደጋ ቢደርስ ከሁሉ በፊት የሚረዳው ሰው ራሱን ይጠብቅ። ጋዝ ወዳለበት ክፍል ዘልሎ የገባ ወዳጅ ሁለተኛው ሬሳ ሆኖ ይገኛል። ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት የሚቻለው ያለ አደጋ ሲሆን ብቻ ነው። የነካው ልብስ ይውለቅ፤ ገላው በብዙ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ትንፋሹ ቢቆም አፍን ከአፍ ገጥሞ መንፋት አይገባም፤ ሰጪው ራሱ ይመረዛልና፤ ልዩ መሣሪያ ይፈለግለታል። ልቡ ከቆመ ደረቱን መጫን ይቻላል። የዋጠውን ለማስመለስ አይሞከር፤ የሚጠጣ ነገርም አይሰጥ። ኦክሲጅን ካለ ወዲያው ይሰጠው፤ ወደ ሆስፒታልም ሲወሰድ «ሲያናይድ ነው» የሚለው ቃል ከበሽተኛው ቀድሞ በስልክ ይድረስ፤ የሐኪሙ መድኃኒት በዚህ ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። መድኃኒት አለውና። ሃይድሮክሶኮባላሚን የተባለው፣ ከቫይታሚን ቢ 12 ወገን የሆነ ቀይ ፈሳሽ በደም ሥር ሲሰጥ መርዙን ከሕዋሱ ብረት ላይ ወደ ራሱ ስቦ ያስረዋል፤ የሚገርመው ሁለቱ ሲተሳሰሩ የሚሠሩት ራሱን ቫይታሚኑን ነው። ሶዲየም ታዮሰልፌትም ከላይ ላነሣነው የሰውነት ሥራ ድኝ ያቀብላል። እነዚህ በየጤና ጣቢያው ይገኛሉ ብሎ መተማመን ስለማይቻል፣ በሲያናይድ የሚሠራ ድርጅት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መድኃኒቱ በቅርብ የት እንዳለ ጠይቆ ይወቅ።

ወደ መምህሩ ብልቃጥ ልመለስ። ቡሹን ሳንነቅል፣ አሲዱን አስቀድመን ወደ ሌላ ክፍል አስወጥተን፣ ክፍሉንም በሩና መስኮቱ ተከፍቶ እንዲናፈስ አድርገን፣ ብልቃጡን ደረቅ አሸዋ ባለበት ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ በቀስታ አኖርነው። በላዩም «መርዝ፤ አይከፈት፤ አይታጠብ» ብለን በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ጻፍንበት። ርእሰ መምህሩ ቁልፉን በእጃቸው ያዙ። እኔም ደብዳቤ ጽፌ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የኬሚካል ቆሻሻ ማስወገድ የሚያውቁ ባለሙያዎች መጥተው ወሰዱት። መምህሩ ዛሬ ነፍሳቱን በቤታቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድራሉ። ባለቤታቸው ከሥጋው አጠገብ ጥንዚዛ ማግኘታቸውን አልወደዱትም ብለው ስለጻፉልኝ፣ ክዳኑ በሚገባ የሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ እንዲገዙ መልስ ሰጥቻቸዋለሁ።